የአንጀት ጠባሳ ጥናት በኦርጋኖይድ

ኦርጋኖይድ ከስቴም ሴል ተነሥቶ በቤተ ሙከራ የሚያድግ፣ የአንድን የሰውነት ክፍል አሠራርና ቅርጽ በትንሹ የሚያሳይ የሕዋሳት ስብስብ ነው። የአንጀት ኦርጋኖይድ መጠኑ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ መሐሉ ክፍት ነው፤ ንፍጥ የሚያመነጩና ምግብ የሚመጥጡ ሕዋሳት በየቦታቸው ተሰልፈውበታል። ተመራማሪዎች ለብዙ ነገር ይጠቀሙበታል፤ ከእነዚህ አንዱ የአንጀት ግድግዳ እንዴት ጠባሳ እንደሚያወጣ፣ መድኃኒትም ሊገታው ይችል እንደሆነ መመርመር ነው። ዘዴው በኔዘርላንድስና በአሜሪካ የተጀመረ ሲሆን ለጠባሳ ጥናት በዋናነት የዋለው ክሮንስ በሚባለው የአንጀት በሽታ ላይ ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ያለ ሐኪም ግን ግድግዳው የወፈረ አንጀት ሲያጋጥመው ቀድመው የሚታሰቡት የአንጀት ቲቢና ቢልሃርዚያ ናቸው። ከዘዴው የተገኘው እውቀት ለወለጋ ምን ያህል ይሠራል የሚለው ጥያቄ ከዚህ ልዩነት ይመነጫል። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጠባሳው እንዴት ይመጣል

የአንጀት የውስጥ ሽፋን በሰውነት ውስጥ ፈጥነው ከሚታደሱት አንዱ ነው፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ አሮጌው ተራግፎ በአዲስ ይተካል። ላይ ላዩን ብቻ የተላጠ አንጀት ስለዚህ ያለ ምልክት ይድናል። ቁስሉ ሽፋኑን አልፎ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ለወራትና ለዓመታት ሲመላለስ ግን ፋይብሮብላስት የሚባሉት የድጋፍ ሕዋሳት ይቀሰቀሳሉ። እነዚህ የጡንቻ ጠባይ ወዳለው ማዮፋይብሮብላስት ይለወጣሉ፤ ኮላጅን ያመርታሉ፤ ያመረቱትንም እየጎተቱ ያኮማትራሉ። ግድግዳው ይወፍራል፣ መተላለፊያው ይጠባል። በሽተኛው ከበላ በኋላ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ይነፋዋል፣ አንጀቱ ይጮኻል፤ ሲብስበት ያስመልሰዋል፤ ምግብ እየፈራ ይከሳል። መጨረሻው አንጀት መዘጋት ሊሆን ይችላል።

ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ጠባሳው ራሱን የሚመግብ መሆኑ ነው። ማዮፋይብሮብላስት በደረቀና በጠነከረ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ይበልጥ ይሠራል፤ ይበልጥ ሲሠራ ቦታው ይበልጥ ይጠነክራል። መጀመሪያ ያስነሣው ብግነት ከበረደ በኋላም ሊቀጥል የሚችለው ለዚህ ነው። ብግነትን የሚያበርዱ መድኃኒቶች የጠበበውን አንጀት መልሰው የማይከፍቱበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ከሚያበቁት የተለመዱ ምክንያቶች አንዱ የአንጀት መዘጋት ነው፤ ወለጋም ከዚህ አይለይም። ከነዚህ ውስጥ ብዙው ግን የአንጀት መጠማዘዝ እንጂ ጠባሳ አይደለም። ከቀድሞ ቀዶ ሕክምና በኋላ አንጀትን ከውጭ የሚያጣብቀውም ሌላ ጉዳይ ነው። ኦርጋኖይድ ስለ ተጠማዘዘ አንጀት የሚነግረን የለም፤ ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው ከግድግዳው ውስጥ የሚነሣውን ጠባሳ ብቻ ነው።

ፊንጫ፦ እንቁላሉ ከሥጋ ሲቀር

በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የሚገኘው የፊንጫ ሸለቆ በኢትዮጵያ የአንጀት ቢልሃርዚያ ከሚታወቅባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የፊንጫ ወንዝ የዓባይ ገባር ሲሆን የኃይል ማመንጫ ግድቡ በ1973 ተጠናቀቀ፤ የስኳር ፋብሪካው በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራ ጀመረ። መስኖና ከየአገሩ የሚመጣ የቀን ሠራተኛ ባለበት፣ የበሽታው ተሸካሚ ቀንድ አውጣ በሚራባበት ውኃ ልብስ በሚታጠብበትና ልጆች በሚዋኙበት ቦታ በሽታው አይጠፋም።

አምጪው ሺስቶሶማ ማንሶኒ የሚባል ትል ነው። ወንዱና ሴቷ ተቃቅፈው በአንጀት ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ፤ ሴቷ በቀን እስከ 300 ገደማ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ 0.14 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በጎኑ ሹል እሾህ ወጥቶበታል። ግማሽ ያህሉ የአንጀቱን ግድግዳ ቀድዶ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ቀሪው ወይ እዚያው ግድግዳው ውስጥ ይቀራል፣ ወይ በደም ተወስዶ ጉበት ላይ ያርፋል። ሰውነት በእያንዳንዱ የቀረ እንቁላል ዙሪያ የመከላከያ ሕዋሳት ይከምራል፤ ክምሩ ሲበርድ በቦታው ኮላጅን ይተካል። ከባዱ ጉዳት የሚደርሰው ጉበት ላይ ነው፤ ሆዱ ውኃ የቋጠረና ጣፊያው ያበጠ በሽተኛ የዚህ ውጤት ነው። በአንጀት ላይ ጠባሳው ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል፤ አልፎ አልፎ ግን የትልቁ አንጀት ግድግዳ ይወፍራል፣ ሥጋ ያበቅላል፣ ይጠባልም። ስለዚህ «ቢልሃርዚያ አንጀት ያጠብባል» ብሎ በጅምላ መናገር ማጋነን ነው፤ «አያጠብብም» ማለትም ልክ አይሆንም።

ኢትዮጵያ ለዚህ በሽታ ጥናት እንግዳ አይደለችም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው እንዶድ የበሽታውን ተሸካሚ እንደሚገድል ለዓለም አሳወቁ። በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። ያው ተክል በወለጋ ሀንዶዴ ይባላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል።

የአንጀት ቲቢ

ሳንባ ነቀርሳ ሳንባን ብቻ የሚያጠቃ ይመስላል፤ ባክቴሪያው ግን በተዋጠ አክታ፣ ባልፈላ ወተት ወይም በደም አማካይነት አንጀት ውስጥም ይገባል። በብዛት የሚመርጠው የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ከትልቁ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ነው። ቁስሉ ብዙ ጊዜ አንጀቱን ዙሪያውን እንደ ቀለበት ይይዘዋል፤ ሲድን ቀለበቱ ይኮማተራል። የሚያሳዝነው ቲቢው በ6 ወር መድኃኒት ድኖ እንኳ ጥበቱ ሊቀር መቻሉ ነው፤ አንዳንዱ በሽተኛ «ድነሃል» ተብሎ ከተሸኘ በኋላ አንጀቱ ተዘግቶ ይመለሳል።

ክሮንስም በትክክል ይህንኑ ቦታ ይወዳል። ሁለቱን መለየት በኮሎኖስኮፒና በናሙና ምርመራ ጭምር ሐኪምን ያስቸግራል፤ መሣሪያው በሌለበት ከተማ ደግሞ ይብሳል። ስሕተቱ በሁለቱም ወገን ያስከፍላል፦ ለክሮንስ የሚሰጠው ስቴሮይድ ቲቢን ያባብሳል፤ የቲቢ መድኃኒት ደግሞ ለክሮንስ አይረዳም። ክሮንስ በኢትዮጵያ እምብዛም አይመዘገብም፤ ይህ ግን ከበሽታው ማነስ ይሁን ከምርመራው ማነስ በምዝገባ ቁጥር ብቻ አይፈታም።

ኦርጋኖይድ እንዴት ይሠራል

በ2007 በዩትሬክት ሁብሬክት ኢንስቲትዩት የሃንስ ክሌቨርስ ቡድን ኤልጂአር5 የሚባል ምልክት የተሸከሙት ሕዋሳት የአንጀት ስቴም ሴሎች መሆናቸውን አሳየ። በ2009 በዚያው ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው ቶሺሮ ሳቶ ከአይጥ የተወሰደ አንድ ነጠላ ስቴም ሴል ከነጉድጓዱና ከነጣቶቹ ሙሉ የአንጀት ሽፋን እንደሚሠራ አረጋገጠ። የሰው አንጀት በ2011 ተከተለ።

ሥራው በእጅ እንዲህ ነው። በኮሎኖስኮፒ ወይም በቀዶ ሕክምና ከተገኘ ሥጋ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይቆረጣል። ደጋግሞ ታጥቦ ኢዲቲኤ በሚባል ኬሚካል ሲነከር ሕዋሳቱን ያያያዘው ካልሲየም ይወሰዳል፤ ጠርሙሱ ሲነቀነቅ ክሪፕት የሚባሉት ጥቃቅን የሽፋኑ ጉድጓዶች እየተላቀቁ ይንሳፈፋሉ። እነዚህ ማትሪጄል ከሚባል ዝልግልግ ነገር ጋር ይደባለቃሉ። ማትሪጄል ከአይጥ ዕጢ የሚገኝ ሲሆን በበረዶ ላይ ፈሳሽ ነው፤ በ37 ዲግሪ ይረጋል። ባለሙያው ሁሉንም ነገር በበረዶ ላይ እያስቀመጠ 50 ማይክሮ ሊትር ያህል ጠብታ ሳህኑ ላይ ያንጠባጥባል፤ ጠብታው እንደ ጉልላት ቆሞ ሲረጋ የእድገት ፕሮቲኖች ያሉበት ምግብ ከላይ ይፈስስበታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ መጀመሪያ ክብ ፊኛ፣ ቀጥሎም ቡቃያ ያወጣ ቅርጽ ይገኛል። በየሳምንቱ ገደማ እየተቆራረጠ ይባዛል፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ ለዓመታት ይቀመጣል።

ኦርጋኖይድ ጠባሳ ያወጣል?

ብዙ ጊዜ ተድበስብሶ የሚታለፈው ጥያቄ ይህ ነው። የሳቶ ዓይነት ኦርጋኖይድ የውስጥ ሽፋን ብቻ ነው። ጠባሳ የሚሠራው ግን ከሽፋኑ ሥር ያለው ፋይብሮብላስት ነው፤ እሱ ደግሞ በሳህኑ ላይ የለም። ስለዚህ ሽፋን ብቻ የሆነ ኦርጋኖይድ ቢቆስል እንጂ በራሱ ጠባሳ ሊያወጣ አይችልም። ጋዜጣ ላይ «በላብራቶሪ የተሠራ አንጀት» የሚለውን ያነበበ ሰው ይህን ልዩነት ካልያዘ ውጤቱን በትክክል አይረዳውም።

መፍትሔው በሁለት መንገድ መጣ። አንደኛው ከበሽተኛው ፋይብሮብላስትን ለብቻ አሳድጎ ከኦርጋኖይዱ ጋር አንድ ላይ ማኖር ነው። ሁለተኛው ከሥሩ የተለየ ነው። ሺንያ ያማናካ የአይጥን በ2006፣ የሰውን ደግሞ በ2007 ተራ ሕዋስ ወደ ሁሉን ሊሆን የሚችል ስቴም ሴል መለሰ፤ በ2012 ኖቤል ተሸለመበት። በ2011 በሲንሲናቲ የሕፃናት ሆስፒታል ጄሰን ስፔንስና ጄምስ ዌልስ ከእንዲህ ዓይነቱ ስቴም ሴል ፅንስ በሚያድግበት ቅደም ተከተል የሰው አንጀት አሳደጉ። ይህኛው ሽፋኑን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የድጋፍ ሥጋም ይዞ ያድጋል። ጠባሳ የሚሠሩት ሕዋሳት ገና ከጅምሩ አብረውት አሉ።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ስፔንስን ጨምሮ፣ በ2015 ያሳተሙት ሥራ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ኦርጋኖይዱን ቲጂኤፍ-ቤታ በሚባለው የጠባሳ ቀስቃሽ ፕሮቲን ነኩት፤ የኮላጅንና የማዮፋይብሮብላስት ጂኖች ተነሡ። ከዚያ ስፒሮኖላክቶን ሲጨምሩበት ምላሹ ቀነሰ። ስፒሮኖላክቶን ለማንም የኢትዮጵያ ፋርማሲ እንግዳ አይደለም፤ በጉበት ጠባሳ ሆዱ ውኃ ለቋጠረ በሽተኛ የሚታዘዝ እንክብል ነው። ይህን ያነበበ ሁሉ ግን ለአንጀት ጥበት ብሎ እንዳይውጠው፦ በሳህን ላይ ያለ ውጤት ሰው ላይ የተረጋገጠ ሕክምና አይደለም፤ መድኃኒቱም የደም ፖታሲየምን ከፍ የሚያደርግ ስለሆነ ያለ ክትትል አይወሰድም። የሥራው ጥቅም ሌላ ነው። ብዙ መድኃኒቶችን በአንድ ሳምንት፣ በሰው ሥጋ ላይ፣ ማንንም ሳይጎዱ ለማጣራት የሚያስችል በር ከፈተ።

ቀስቃሹ ሲለያይ

አብዛኛው ሙከራ የሚጀምረው በቲጂኤፍ-ቤታ ነው። ለክሮንስ ይህ ተገቢ ምርጫ ነው። በቢልሃርዚያ ግን ታሪኩ ይለያል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የቶማስ ዊን ቡድን በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት የቢልሃርዚያን የጉበት ጠባሳ በዋናነት የሚገፋው ኢንተርሊውኪን-13 መሆኑን አሳየ፤ በ2004 ደግሞ ይህ መንገድ ያለ ቲጂኤፍ-ቤታ ሊሠራ እንደሚችል ዘገበ። ትርጉሙ ቀላል አይደለም። ቲጂኤፍ-ቤታን የሚያግድ መድኃኒት በሚሺጋን ሳህን ላይ ድንቅ ውጤት ቢያሳይ እንኳ የፊንጫን ገበሬ ላይረዳው ይችላል፤ የእሱን ጠባሳ የሚገፋው በሌላ በር የሚገባ ሊሆን ይችላልና።

ኢንተርሊውኪን-13 ለኦርጋኖይድ አዲስ አይደለም። በ2016 የታተሙ ሥራዎች ይህ ፕሮቲን ሲጨመር በአይጥ አንጀት ኦርጋኖይድ ውስጥ ታፍት የሚባሉት ትል ጠቋሚ ሕዋሳትና ንፍጥ አመንጪዎቹ እንደሚበዙ አሳይተዋል። በ2018 የአንጀት ትል የያዛቸው አይጦች ስቴም ሴሎች ቁስሉ አጠገብ ወደ ፅንስ መሰል ጠባይ እንደሚመለሱ ተዘገበ። ከዚህ ተነሥቶ ፋይብሮብላስት ያለበትን የሰው ኦርጋኖይድ በቢልሃርዚያ እንቁላል ፈሳሽና በኢንተርሊውኪን-13 መፈተን ትልቅ ዝላይ አይደለም። በእኔ ግምት ከወለጋ አንጻር ትልቁን ትርፍ የሚሰጠው ይህ ሙከራ ነው።

የሰውም ዘር ለውጥ ያመጣል። አንድ ዓይነት ውኃ ውስጥ ከዋኙ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ጉበቱ ተበልቶ ሌላው ምንም ሳይሆን ሊቀር ይችላል። በ1999 ከወለጋ ማዶ በሱዳን ቤተሰቦች ላይ የተሠራ ጥናት ከባዱን የቢልሃርዚያ ጉበት ጠባሳ ስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ ካለ፣ የኢንተርፌሮን ጋማ ተቀባይ ጂን ከሚገኝበት አካባቢ ጋር አያይዞታል። በዓለም ላይ ያሉት አብዛኞቹ የስቴም ሴል መስመሮች ግን ከአውሮፓና ከእስያ ዝርያ ሰዎች የተገኙ ናቸው። ከወለጋ በሽተኛ የሚያድግ ኦርጋኖይድ ጥቅሙ ይህንን ክፍተት መሙላት ነው።

ለቲቢ ነገሩ ይከብዳል። ሕያው የቲቢ ባክቴሪያ ያለበትን ኦርጋኖይድ ለመያዝ አየሩ ተጣርቶ የሚወጣበት፣ ሦስተኛ ደረጃ ጥበቃ ያለው ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የቲቢ ክምር የሚሠራው በመከላከያ ሕዋሳት ነው፤ እነዚህ ደግሞ ለብቻቸው ካልተጨመሩ በኦርጋኖይድ ውስጥ አይገኙም።

ገደቦቹ

ሁሉን ሊሆን ከሚችል ስቴም ሴል የሚነሣው አንጀት ከአዋቂ ይልቅ የፅንስ አንጀት ይመስላል። ደም አይዞርበትም፤ ሰገራ አያልፍበትም፤ አይንቀሳቀስም። የሁለት ቀን ቲጂኤፍ-ቤታ የ10 ዓመት ቁስልን አይተካም። ማትሪጄል ራሱ ለስላሳ ነው፤ የጠባሳ ድርቀት ሕዋሳቱን የሚገፋቸው ከሆነ ለስላሳ ቦታ ላይ ያለ ሙከራ ግማሹን ታሪክ ያጣል። ድርቀቱ የሚስተካከል ሰው ሠራሽ ጄል መጠቀም የተጀመረው በከፊል ለዚህ ነው።

ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ

ወለጋ የሕክምና ታሪኳ ረዥም ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ በ1919 ከሱዳን ተሻግሮ ደምቢ ዶሎ፣ በያኔው ስሟ ሳዮ፣ ሥራ ጀመረ፤ የአይራና የጊምቢ የሚሲዮን ሆስፒታሎች በኋላ ተከተሉ። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ2007 ተቋቁሞ ዛሬ በነቀምቴ ሪፈራል ሆስፒታል ያስተዳድራል። ኦርጋኖይድ ለማሳደግ ግን ቢያንስ መብራት የማይቋረጥበት ኢንኩቤተር፣ ፈሳሽ ናይትሮጅንና መንገድ ላይ የማይሞቅ ማትሪጄል ያስፈልጋል፤ ማትሪጄል አንዴ ሞቆ ከረጋ ወደ ፈሳሽ መመለሱ ያስቸግራል። በመጀመሪያ ደረጃ ሥራውን ነቀምቴ ላይ ማሰብ የሚያዋጣ አይመስልም።

ነቀምቴ ያላት ሌላ ነገር ነው፦ ናሙናው። የጠበበ አንጀት ቆርጦ የሚያወጣ ቀዶ ሐኪም በእጁ የያዘው ሥጋ፣ ወደ ፎርማሊን ከመግባቱ በፊት ጥቂቱ በቀዝቃዛ የሕዋስ ማቆያ ፈሳሽ ቢቀመጥ፣ እስከ 24 ሰዓት ገደማ ኦርጋኖይድ ሊወጣው ይችላል። ፎርማሊን የነካው ግን ሞቷል። ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ ባለፉት ዓመታት በአካባቢው በነበረው ግጭት እንደታየው መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። አዲስ አበባ ላይ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በቲቢ፣ የአክሊሉ ለማ ኢንስቲትዩት በቢልሃርዚያ የብዙ ዓመት ልምድ አላቸው። በሽተኛው ፈቃዱን በሚገባው ቋንቋ፣ በወለጋ ብዙውን ጊዜ በአፋን ኦሮሞ፣ መስጠት አለበት፤ ናሙናው ከአገር የሚወጣ ከሆነም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ይጠየቃል። ከአንድ ሰው ሥጋ የተነሣ ሕዋስ ያለ ማቋረጥ ሊባዛና ሊሸጥ ስለሚችል ይህ ወረቀት ለይስሙላ አይሞላም።

ዛሬ ያለው ሕክምና

ለሳንባ ጠባሳ ፒርፌኒዶንና ኒንቴዳኒብ በአሜሪካ በ2014 ተፈቅደዋል። ለአንጀት ጠባሳ እስካሁን የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፤ ቀድሞ ከተሰጠ አዲስ እንቁላል ስለማይጣል ጠባሳው እንዳይብስ ያደርጋል። የቲቢ መድኃኒትም እንዲሁ ቀድሞ መጀመሩ ነው ዋናው። የጠበበው አንጀት ግን ወይ በፊኛ ይለጠጣል፣ ወይ ይቆረጣል፣ ወይ በርዝመቱ ተሰንጥቆ በወርዱ ይሰፋል። ይህ የመጨረሻው ዘዴ የአንጀትን ርዝመት ሳይቀንስ መተላለፊያውን ያሰፋል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው በክሮንስ ሕክምና ነው፤ መጀመሪያ የተሠራው ግን በ1970ዎቹ በህንድ፣ የቲቢ ጠባሳ አንጀታቸውን ባጠበበባቸው በሽተኞች ላይ ነበር። የአውሮፓ ቀዶ ሐኪሞች ለክሮንስ የወሰዱት ከዚያ በኋላ ነው።